የቫልቭ ጊታር ማጉያ፦ ከቆቃ እስከ ኦሞ

የኤሌክትሪክ ኃይል ሳይሻ ሜዳን የሚሞላ ሙዚቃ በኢትዮጵያ ውስጥ የት እንዳለ የሚጠይቅ ሰው ደቡብ ኦሞ ቢደርስ መልሱን ያገኛል። በሐመር አገር ወጣቶች ለኢቫንጋዲ ጭፈራ በምሽት ሲሰበሰቡ ድምፁን የሚያጎላው ጭብጨባቸው፣ የእግራቸው ምትና በአካላቸው ላይ ያለው የብረት ጌጥ ቅጭልታ ነው። በአሪና በማሌ ዘንድ ደግሞ ብዙ ሰዎች የተለያየ ዜማ ይዘው በአንድነት ሲዘፍኑ አንዱ የሌላውን ክፍተት እየሞላ፣ ከብዙ ጉሮሮ አንድ ትልቅ ድምፅ ይወጣል። እዚህ ማጉያው ራሱ ሕዝቡ ነው።

ከእንዲህ ያለ ሕዝብ መካከል ስለ ኤሌክትሪክ ጊታር ማጉያ መናገር እንግዳ ነገር ሳይመስል አይቀርም። ሆኖም ቀድሞ በገሙ ጎፋ ክፍለ ሀገር የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ዋና ከተማ የነበረችው፣ ኋላም ለረጅም ጊዜ የደቡብ ኦሞ የአስተዳደር ማእከል ሆና የቆየችው ጂንካ ዛሬ የኤሌክትሪክ መብራት ያላት ከተማ ናት። መብራት ባለበት ሁሉ ማይክሮፎንና እስፒከር ይከተላሉ። እስፒከር በገባበትም ሁሉ፣ መሣሪያው የሰውን ድምፅ ያከብረዋል ወይስ ይውጠዋል የሚለው ጥያቄ አብሮ ይገባል። ይህን ጥያቄ ለመመለስ ከሚረዱት ታሪኮች አንዱ በአዲስ አበባ አዳራሾች ውስጥ ነግሦ፣ ቀጥሎም ተረስቶ፣ በመጨረሻም እንደገና ሲፈለግ የተገኘው የቫልቭ ማጉያ ታሪክ ነው።

ቫልቭና ቫልቮላ

በቅድሚያ የስም መምታታት እንዳይኖር ያስፈልጋል። ከጣሊያንኛ የመጣው ቫልቮላ የሚለው ቃል በአማርኛ የሚያመለክተው መስመር ሲጨናነቅ ራሱ ተቃጥሎ ቤቱን ከእሳት የሚያድነውን ፊውዝ ነው። እዚህ የሚነገርለት ቫልቭ ግን ሌላ ነው። ይኸውም አየሩ ከተመጠጠ የመስታወት ቱቦ ውስጥ የተዘጋ፣ በድሮ ራዲዮ ጀርባ በኩል ሲግል ይታይ የነበረው አምፖል መሰል ዕቃ ነው። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1904 ሁለት ኤሌክትሮድ ያለውን ቫልቭ ሠራ፤ አሜሪካዊው ሊ ደ ፎረስት ደግሞ በ1906 ሦስተኛ ኤሌክትሮድ ጨመረበት። የማጉላቱ ምስጢር ያለው ግሪድ በተባለው በዚህ ሦስተኛ ክፍል ነው። ካቶዱ በፊላመንቱ ግሎ ኤሌክትሮኖችን ይለቃል፤ አኖዱ በከፍተኛ ቮልቴጅ ይስባቸዋል፤ በመካከል ያለው ግሪድ ግን በመስኖ ቦይ አፍ ላይ እንደ ተተከለ መዝጊያ ጥቂት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ብዙውን ፍሰት ይገታል ወይም ይለቃል።

በጊታር ማጉያ ውስጥ ይህ ሥራ በየደረጃው ይከናወናል። ከጊታሩ ማግኔት የሚወጣው ምልክት እጅግ ደካማ ስለሆነ በመጀመሪያ እንደ ኢ.ሲ.ሲ.83 ያለ አነስተኛ ቫልቭ ይቀበለዋል። የዚህ ቫልቭ የማጉላት መጠን 100 ሲሆን ፊላመንቱ የሚግለው በ6.3 ቮልት ነው። ከዚያ ወዲያ ምልክቱ ወደ ትላልቆቹ የኃይል ቫልቮች ይሄዳል። እነዚህም በ300፣ በ400 አንዳንዴም ከዚያ በሚበልጥ ቮልት ይሠራሉ። በመጨረሻ የመውጫው ትራንስፎርመር ከፍተኛውን ቮልቴጅ ዝቅ አድርጎ እስፒከሩ ሊጠቀምበት ወደሚችል ኃይል ይለውጠዋል። አንድ የቫልቭ ማጉያ ከባድ የሚሆነው በነዚህ ትራንስፎርመሮች ብረትና መዳብ ምክንያት ነው።

ለጊታር ተብሎ የተሠራው ማጉያ ዝነኛ መልኩን የያዘው በሁለት አገሮች ነው። በካሊፎርኒያ ሊዮ ፌንደር ከ1940ዎቹ ጀምሮ ማጉያዎችን ሲያመርት ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው ባስማን የተባለው ዓይነት ለብዙዎች አርአያ ሆነ። በለንደን ጂም ማርሻልና ባልደረቦቹ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመጀመሪያ ማጉያቸውን የሠሩት ይህንኑ ባስማን መነሻ አድርገው ነው። በዚያው በእንግሊዝ አገር ቮክስ የተባለው ድርጅት አራት ኢ.ኤል.84 ቫልቮች ያሉትንና 30 ዋት የሚሰጠውን ማጉያ ለገበያ አቀረበ። ትራንዚስተር እ.ኤ.አ. በ1947 ማብቂያ በቤል ቤተ ሙከራ የተገኘ ቢሆንም በጊታር መድረክ ላይ ለመውጣት ብዙ ዓመት ፈጅቶበታል። ስለዚህ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ድረስ የጊታር ማጉያ ማለት የቫልቭ ማጉያ ማለት ነበር።

ከነሐስ ወደ ሽቦ

በኢትዮጵያ የዘመናዊ ሙዚቃ መነሻ ነሐስ እንጂ ኤሌክትሪክ አልነበረም። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ ካገኟቸው የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የተቋቋመው፣ አርባ ልጆች በመባል የሚታወቀው ባንድ በኬቮርክ ናልባንዲያን መሪነት የማርሽ ሙዚቃን አስፋፋ። ከጠላት ወረራ በኋላም የክቡር ዘበኛ፣ የምድር ጦር፣ የፖሊስ ሠራዊትና የማዘጋጃ ቤት ባንዶች ተጠናከሩ፤ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርም የራሱን ኦርኬስትራ አቆመ። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በእነዚህ ተቋማት ውስጥ ብዙ ሙዚቀኞችን አሠለጠነ። ትረምፔትና ሳክስፎን አዳራሽ ለመሙላት የማንንም እርዳታ አይሹም። ዘፋኙ ግን ማይክሮፎን ያስፈልገው ነበር፤ ጊታሩም ያለ ማጉያ ከነሐስ መሣሪያዎች ጎን ቆሞ ሊሰማ አይችልም ነበር።

እዚህ ላይ የሙዚቃ ታሪክና የኤሌክትሪክ ታሪክ ይገናኛሉ። በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ ሲጀምር 43.2 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ነበረው። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ በአዲስ አበባ ሆቴሎችና የምሽት ክበቦች በረከቱ፤ ከተቋማት የወጡ ሙዚቀኞችም አነስ ያሉ ባንዶችን መሠረቱ። ሃያና ሠላሳ ሰው የነበረው ኦርኬስትራ ወደ ሰባትና ስምንት ሰው ሊወርድ የቻለው የኤሌክትሪክ ጊታር፣ የባስ ጊታርና የኦርጋን ድምፅ በማጉያ ኃይል የጎደለውን ሰው ስለ ተካ ነው። ለአንድ ሆቴል ብዙ ሰው ከመቅጠር ጥቂት ሰውና ጥቂት ማጉያ መያዝ የሚረክስ መሆኑ ግልጽ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1969 አመሐ እሸቴ የሀገር ፍቅር ማኅበርን የሸክላ ማሳተም ብቸኛ መብት ተጋፍቶ አመሐ ሪከርድስን ሲያቋቁም፣ የእነዚህ አነስተኛ ባንዶች ድምፅ በሸክላ ላይ መቀረጽ ጀመረ። ሸክላዎቹ መጀመሪያ በሕንድ፣ ቀጥሎም በሊባኖስ ይታተሙ ነበር። ዓሊ አብደላ ካይፋም ጥቂት ቆይቶ በዚያው መንገድ ተከተለ። ዓለማየሁ እሸቴ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ግርማ በየነ፣ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ኋላም ዋልያስና አይቤክስ የመሳሰሉት ባንዶች የታወቁት በዚህ ዘመን ነው። በወቅቱ መሣሪያና ማጉያ በአብዛኛው የተቋሙ ወይም የክበቡ ባለቤት ንብረት እንጂ የሙዚቀኛው አልነበረም። ይህ ጉዳይ ትንሽ ቢመስልም ለማጉያው ዕድል ወሳኝ ሆኖ ተገኝቷል። ባንዱ ሲበተን ሙዚቀኛው ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል፤ ማጉያው ግን ከንብረት መዝገብ ጋር ወደ መጋዘን ይገባል።

ሌሊቱ ሲዘጋ

የቫልቭ ማጉያ ከመድረክ የወረደው በአንድ ምክንያት አይደለም። በመላው ዓለም ትራንዚስተር ቀለል ያለ፣ የማይግል፣ በመንገድ የማይሰበርና ዋጋው ዝቅ ያለ ዕቃ ይዞ መጣ። የአውሮፓና የአሜሪካ ፋብሪካዎችም ቫልቭ ማምረታቸውን ቀስ በቀስ አቆሙ። በኢትዮጵያ ግን በዚህ ላይ ሌላ ነገር ተጨመረ። ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሥልጣን ከያዘ በኋላ የሰዓት እላፊ ገደብ ለብዙ ዓመታት በልዩ ልዩ መልክ ጸንቶ ቆየ። የምሽት ክበብ ሕይወቱ ምሽቱ ነው፤ ሌሊቱ ሲዘጋ አዳራሹም ተዘጋ። በትላልቅ ሆቴሎች የሚጫወቱ ባንዶች ታዳሚው እስኪነጋ ድረስ ወደ ቤቱ ሊመለስ ስለማይችል አብረውት ያነጉ ነበር። አመሐ እሸቴ በ1975 እ.ኤ.አ. ወደ ውጭ ሄደ፤ የሸክላ ኅትመት እ.ኤ.አ. ከ1978 ወዲያ በካሴት ተተካ፤ ከዋልያስ አባላትም አንዳንዶቹ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ባንዱ ወደ አሜሪካ ተጉዞ በነበረበት ጊዜ በዚያው ቀሩ።

ካሴት ሙዚቃን ከአዳራሽ አውጥቶ ወደ ሳሎንና ወደ ታክሲ ወሰደው። በካሴት ዘመን ዋናው ጥያቄ ባንዱ በአዳራሹ ውስጥ እንዴት ይሰማል የሚለው መሆኑ ቀርቶ ቅጂው በትንሽ ቴፕ ላይ እንዴት ይሰማል የሚለው ሆነ። ኪቦርድ በ1980ዎቹ ሲስፋፋ ከበሮውን፣ ባሱንና ነሐሱን አንድ ሰው በሁለት እጁ የሚያስኬድበት ዘመን ደረሰ። ለኪቦርድ የሚስማማው ድምፅ የማይለውጥ ንጹሕ ማጉያ ስለሆነ የቫልቭ ማጉያ ትርጉሙን አጣ። በየቀበሌውና በየአውራጃው የተቋቋሙት የኪነት ቡድኖች ብዙ ወጣቶችን ወደ መድረክ ያወጡ ቢሆንም፣ ከቦታ ቦታ ለሚዘዋወር ቡድን ቀላልና ርካሽ መሣሪያ ተመራጭ መሆኑ አያስደንቅም።

በደቡብ ኦሞ በኩል ነገሩ ሌላ መልክ ነበረው። ኢቮ ሽትሬከርና ጂን ሊዳል የተባሉት የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪዎች ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በሐመር ሕዝብ መካከል እየኖሩ ያጠኑ ነበር። የሐመር ሙዚቃም እ.ኤ.አ. በ1979 በበርሊን በሸክላ ታትሞ ወጣ። ሽትሬከር በኋላ በጂንካ ኮረብታ ላይ ለተሠራው የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና የምርምር ማእከል መመሥረት ዋና ምክንያት ሆኗል። የመብራት መስመር በሌለበት አገር ይህን የመሰለ ሥራ ሊሠራ የቻለው በባትሪ የሚንቀሳቀስ የትራንዚስተር መቅረጫ ስለ ነበረ ነው። እንግዲህ በአዲስ አበባ ቫልቭን ከመድረክ ያወረደው ያው ትራንዚስተር በሐመር የሰውን ድምፅ ሰምቶ ለትውልድ ያቆየ ባለውለታ ነው። የአንድ መሣሪያ በጎነት የሚለካው በሚውልበት ቦታ እንጂ በራሱ ብቻ አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

ድምፁ ለምን ተፈለገ

ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ኢትዮፒክስ በሚል ርእስ የድሮዎቹን ሸክላዎች በሲዲ እንደገና ማሳተም ሲጀምር፣ ያ ዘመን ለአዲስ ትውልድ ተከፈተ። በ2006 እ.ኤ.አ. ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር ያሳተመው ሥራ፣ በ2017 ደግሞ ግርማ በየነ ከፓሪሱ አካሌ ውቤ ባንድ ጋር ወደ መድረክ መመለሱ የድሮው ሙዚቃ የመዝገብ ቤት ዕቃ ብቻ እንዳልሆነ አሳይተዋል። በአዲስ አበባም ጊታር ተጫዋቹ ግሩም መዝሙር በአዲስ አኩስቲክ ፕሮጀክት አማካይነት የቀድሞዎቹን ዜማዎች ለአዳራሽ አድማጭ መልሷል። የቀድሞዎቹን ዜማዎች ለመጫወት የተነሣ ወጣት የዜማውን ማስታወሻ ብቻ ቢያጠና በቂ አይሆንም። በሸክላው ላይ የሚሰማው የድምፅ ቀለም ከጣቱ ብቻ ሳይሆን ከማጉያውም እንደሚወጣ ቆይቶ ይገነዘባል። በውጭው ዓለምም ጊታር ተጫዋቾች ይህንኑ ስለተረዱ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1990 የ1959ኙን ባስማን እንደገና ለማምረት ተገዷል።

ምክንያቱን ለመረዳት ቴክኒኩን መመልከት ይገባል። ትራንዚስተር ከአቅሙ በላይ ምልክት ሲገባበት የድምፁን ሞገድ ራስ በድንገት ይቆርጠዋል፤ በዚህም ጆሮ የሚወጉ ብዙ ተከታይ ድምፆች ይፈጠራሉ። ቫልቭ ግን ሞገዱን ቀስ በቀስ ስለሚጫነው ከዋናው ድምፅ ጋር ጎልተው የሚሰሙት ቅርብ ተከታዮቹ ናቸው። ከእነዚህም ሁለተኛው የዋናው ድምፅ ስምንተኛ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከስምንተኛው በላይ ያለው አምስተኛ ድምፅ ነው። ተጫዋቹ ክሩን በኃይል ሲመታ ድምፁ ይጋጋላል፤ ሲለዝብ ይጠራል። ስለዚህ ማጉያው ራሱ እንደ መሣሪያ ከተጫዋቹ እጅ ጋር ይነጋገራል።

ይህ ነገር ከኢትዮጵያ ቅኝቶች ጋር ያለው ግንኙነት ሊጤን ይገባዋል። በትዝታ ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ከሚባሉት አምስት ድምፆች የአራቱ አምስተኛ በዚያው በቅኝቱ ውስጥ ይገኛል። የዶ ሶል፣ የሬ ላ፣ የሶል ሬ፣ የላ ሚ ነው፤ የቅኝቱ እንግዳ የሚሆነው የሚ አምስተኛ ብቻ ነው። ቫልቩ የሚጨምረው ድምፅ እንግዲህ በአብዛኛው ከቅኝቱ ጋር ዘመድ ነው። በባቲና በአምባሰል ይህ ዝምድና በሦስት ድምፆች ላይ፣ በአንቺሆዬ ግን በሁለት ድምፆች ላይ ብቻ ይገኛል። ከዚህም በላይ ሁለት ድምፆች በአንድ ጊዜ ወደ ተጋጋለ ቫልቭ ሲገቡ የሁለቱ ድምርና ልዩነት ተጨምሮ ስለሚወጣ፣ በአንቺሆዬ ቅርብ ለቅርብ የሆኑትን ድምፆች አጣምሮ መምታት የሻከረ ድምፅ ያመጣል። በዚህ ቅኝት ጊታሩ እንደ ክራርና እንደ ማሲንቆ ነጠላ ዜማ ቢከተል የተሻለ ይሆናል። የጊታር ተጫዋች የማጉያውን ቁልፍ ለትዝታ በሚያዞርበት ልክ ለአንቺሆዬ ማዞር የለበትም ማለት ነው።

ከመጋዘን ወደ መድረክ

ለብዙ ዓመታት የተቀመጠ ማጉያ ሲገኝ የመጀመሪያው ስሕተት ወዲያውኑ ሶኬት ላይ መሰካት ነው። በመጀመሪያ የሚበላሹት ቫልቮቹ ሳይሆኑ ኤሌክትሮሊቲክ ኮንደንሰሮቹ ናቸው። በውስጣቸው ያለው ርጥበት በጊዜ ብዛት ስለሚደርቅ ሙሉ ቮልቴጅ በድንገት ቢደርስባቸው ሊፈነዱና የኃይል ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥሉ ይችላሉ። የድሮ ራዲዮ ጠጋኞች የሚያውቁት ቀላል መከላከያ ተራ አምፖልን ከማጉያው ጋር በተከታታይ ማገናኘት ነው። በማጉያው ውስጥ መስመር ተነካክቶ ከሆነ አምፖሉ በደንብ ይበራል፤ ማጉያው ግን ከጉዳት ይድናል። ቀጥሎ ከደረጃ ወደ ደረጃ ምልክት የሚያሻግሩት ኮንደንሰሮች መመርመር አለባቸው። ከእነዚህ አንዱ የሚያሾልክ ከሆነ የኃይል ቫልቩ ከመጠን በላይ ግሎ አኖዱ እስኪቀላ ድረስ ይደርሳል።

እስፒከር ሳይገናኝ ማጉያውን ማጫወት ፈጽሞ አይገባም፤ የመውጫው ትራንስፎርመር የሚቃጠለው በዚህ ዓይነት ቸልተኝነት ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ እንኳ ኮንደንሰሮቹ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ይዘው ሊቆዩ እንደሚችሉ መዘንጋት ለሞት ያበቃል። ስለሆነም በሬዚስተር አማካይነት ተራግፈው፣ መራገፋቸውም በመለኪያ መረጋገጥ አለበት። በአንድ እጅ ብቻ መሥራት፣ ሌላውን እጅ ከብረቱ ማራቅ የሚለው የጥንት ምክር ዛሬም አልተሻረም።

የኃይሉ መስመርም የራሱ ጥያቄ አለው። ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ማጉያ 117 ቮልትና 60 ሳይክል የሚጠብቅ ሲሆን የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልትና 50 ሳይክል ነው። ቮልቴጁ በትራንስፎርመር ቢስተካከልም በ50 ሳይክል የማጉያው የራሱ ብረት ይበልጥ ይግላል። መስመሩ ከ220 ወደ 242 ቮልት ቢወጣ ደግሞ 6.3 ቮልት መሆን የሚገባው ፊላመንት ወደ 6.9 ይደርሳል፤ የቫልቩ ዕድሜ የሚያጥረው እንዲህ ባለው ሁኔታ ነው። በረጅም መስመር ጫፍ ላይ በምትገኝ ከተማ ይህ መለዋወጥ የሚጠበቅ ነገር ስለሆነ የቮልቴጅ ማረጋጊያ ከማጉያው ተለይቶ የማይታይ ዕቃ መሆን አለበት።

አዲስ ቫልቭ የሚመጣውም ከጥቂት አገሮች ነው። ዛሬ ለሙዚቃ የሚሆን ቫልቭ በብዛት የሚያመርቱት በሩሲያ፣ በስሎቫኪያና በቻይና ያሉ ፋብሪካዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲስፋፋ የሩሲያ ቫልቭ ወደ ውጭ መላኩ ለጊዜው በመታገዱ በመላው ዓለም ያሉ ሙዚቀኞች ተደናግጠው ነበር። ስለዚህ በመጋዘን ያለን ማጉያ ሲጥሉ ቫልቮቹን አብሮ መጣል ትልቅ ጥፋት ነው፤ ያገለገለ ቫልቭ ተለክቶ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ገና ብዙ ሊሠራ ይችላል።

የኦሞ ውሃና የጂንካ ሜዳ

ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የጊቤ ሦስት ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህም ከቆቃ ጋር ሲነጻጸር ከአርባ እጥፍ በላይ ነው። ውሃው የኦሞ ውሃ ነው። በብሔራዊው መስመር የተገናኘ ከተማ ሁሉ ከሚያገኘው ኃይል የተወሰነው ከዚህ ወንዝ ይመጣል። በታችኛው ኦሞ የሚኖሩት ዳሰነች፣ ካራ፣ ኛንጋቶምና ሙርሲ ግን በየዓመቱ የወንዙ ሙላት ሲሸሽ በሚተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር፤ ግድቡ ይህን ሙላት ለውጦታል። የአዋሽ ውሃ የአዲስ አበባን ጊታር እንዳሰማ ሁሉ የኦሞ ውሃ ዛሬ የብዙ ከተማ መድረክ ያሰማል። ለዚህ ኃይል ከማንም በላይ የከፈለው ሕዝብ በዚያው ኃይል የራሱ ድምፅ ቢዋጥበት ፍትሕ አይሆንም።

ይህ ፍርሃት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በትልልቅ ዘመናዊ እስፒከሮች የሚለቀቅ የተቀዳ ሙዚቃ፣ ሰው በጉሮሮውና በእጁ የሚሠራውን ሁሉ ሊሸፍን ይችላል። ኃይልና ድምፅ ግን እኩል አያድጉም። የሰው ጆሮ ድምፅ በእጥፍ ጨመረ የሚለው ኃይሉ አሥር እጥፍ ገደማ ሲሆን ነው። ከ30 ዋት ወደ 100 ዋት የሚደረገው ዝላይ አምስት ዴሲቤል ያህል ብቻ ይጨምራል። ባለ 30 ዋት የቫልቭ ማጉያ እንግዲህ ለአንድ አዳራሽ ወይም ለአንድ ግቢ በቂ ሲሆን፣ በሥራ ላይ ሳለም ከመስመር የሚስበው ኃይል 200 ዋት ገደማ ቢሆን ነው። ይህን አነስተኛ ጄኔሬተርም ሊሸከመው ይችላል። በእንዲህ ያለ ማጉያ የሚጫወት ጊታር ከከበሮ፣ ከጭብጨባና ከሰው ድምፅ ጎን ይቆማል እንጂ በላያቸው አይወጣም።

እዚህ ላይ የሙዚቀኛው ኃላፊነት ይከተላል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የደጋው ቅኝቶች ናቸው፤ በእነርሱ ልክ የተቀኘ ጊታር የሐመርን ወይም የአሪን ዜማ ሊያርም መነሣት የለበትም። ሙላቱ አስታጥቄ ከደቡብ ኦሞ ብዙም በማይርቀው በደራሼ ሕዝብ የቀርከሃ ዋሽንት ላይ የሚሰማውን የድምፅ አወቃቀር ለብዙ ዓመታት ለዓለም ሲያስረዳ የኖረው፣ የደቡብ ሙዚቃ ከሌላ የሚቀዳ ሳይሆን ሌላው የሚማርበት ምንጭ መሆኑን ስላመነ ነው። በጂንካ መድረክ ላይ ጊታር የሚይዝ ሰው መጀመሪያ ማጉያውን አጥፍቶ ማዳመጥ ይጠበቅበታል።

የቴክኒሻኑም ድርሻ ከዚህ አያንስም። ማጉያው ከአዲስ አበባ እስከ ጂንካ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ሲጓዝ ቫልቮቹ ተነቅለው በጨርቅ ተጠቅልለው ለብቻቸው ካልተጫኑ የሚደርሰው መስታወት ስባሪ ነው። አቧራውን የሚጠርግ፣ የቫልቭ መሰኪያውን የሚያጠብቅ፣ የተቃጠለን ሬዚስተር ለይቶ በመበየጃ የሚተካ ሰው በዚያው በከተማው ካልተገኘ ማጉያው ከአንድ በዓል በኋላ ተመልሶ መጋዘን ይገባል። በአዲስ አበባ የሆነው ይህ ነው፤ ማጉያው የተረሳው ስለ ተበላሸ ሳይሆን የሚያውቀው ሰው ከጎኑ ስለ ጠፋ ነው። የዘመኑ ማጉያ ሲበላሽ የታተመ ሰሌዳው በሙሉ ይለወጣል፤ የድሮው የቫልቭ ማጉያ ግን ሽቦው ከነጥብ ወደ ነጥብ የሚታይ፣ በእጅ የሚከተሉት፣ አንድ ወጣት ከሽማግሌ ጠጋኝ ጎን ተቀምጦ በጥቂት ወራት የሚማረው ነው። የቫልቭ ራዲዮ ሲጠግኑ ያረጁት ባለሙያዎች ቁጥራቸው ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ መሄዱ ሲታሰብ ትምህርቱ ለነገ የሚባል አይደለም።

ስለዚህ በየተቋሙ መጋዘን አሮጌ ማጉያ ያገኘ የሙያ ባልደረባ ከንብረት መዝገብ ለመሰረዝ ከመፍጠኑ በፊት ክዳኑን ከፍቶ ቢመለከት፣ ሥዕላዊ ንድፉን በወረቀት ቢያሰፍር፣ ከሥራው በኋላም አንድ ደቀ መዝሙር ቢያስቀምጥበት ለሙዚቃውም ለሙያውም ውለታ ይውላል። በሐመር ኢቫንጋዲ አንዱ ያወጣውን ዜማ ብዙዎች ተቀብለው ያጎሉታል፤ ዜማው የሚኖረው የሚቀበል እስካለ ድረስ ነው። የማጉያ እውቀትም እንዲሁ ነው።